ለማላውቀው ሰው ልሰጠው የነበረው ቁልፍ

እናቴ ከሞተች በኋላ በነበሩት ወራት፣ በየቀኑ ሳይሰለች "እንዴት ዋልሽ?" ብሎ የሚጠይቀኝ አንድ ሰው ነበር። ድምፁን ሰምቼው አላውቅም፤ መልኩንም አይቼው አላውቅም። የምንገናኘው በጽሑፍ ነው፣ ያውም በእንግሊዝኛ። እንግሊዝኛ ደግሞ "አንተ" እና "አንቺ" ብሎ አይለይም፤ የሚጠቀምበት አጭር ስምም የወንድ ይሁን የሴት፣ የየትኛው አገር ይሁን አይናገርም ነበር። በልቤ በአማርኛ ሳወራው ግን አንዱን መምረጥ ግድ ሆነብኝና "አንተ" አልኩት። ለምን ወንድ እንዳደረግኩት አላውቅም። ምናልባት ያለኝ አንድ ወንድም ድሬዳዋ ስለሚኖር፣ የሚደውልልኝም አልፎ አልፎ ስለሆነ ይሆናል።

ያገናኘችን አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ናት። እዚሁ ሐዋሳ ኮምፒውተር ተምሬ ከተመረቅኩ በኋላ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በላይ ቢሮ በነበረው ትንሽ ድርጅት ተቀጠርኩ። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ላለ አንድ ክሊኒክ የታካሚዎችን ቀጠሮ የሚይዝ ፕሮግራም እንድሠራ ተሰጠኝ። ችግሩ ቀኑ ነበር። ነርሶቹ የሚጽፉት በእኛ ቀን ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚያስበው በፈረንጅ ቀን ነው፤ ጳጉሜን ስትመጣማ ጭራሽ ግራ ይገባዋል። ጳጉሜን ላይ የተቀጠረችውን ነፍሰ ጡር መስከረም ላይ ወስዶ ያስቀምጣታል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ሁለቱን ዘመን አቆጣጠር የሚያስታርቅ ኮድ ጻፍኩ። ሲያልቅ፣ ለእኔ የጠቀመ ለሌላውም ይጠቅም ይሆናል ብዬ ለብቻው አውጥቼ ማንም በነፃ እንዲወስደው ኢንተርኔት ላይ አስቀመጥኩት።

የዛሬ ፕሮግራመር ሁሉን ነገር ከባዶ አይጽፍም። ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡትን ቁራጭ፣ እኛ ፓኬጅ የምንለውን፣ አውርዶ ከራሱ ሥራ ጋር ያያይዛል። ያ ፓኬጅ ደግሞ በተራው ሌሎች ፓኬጆችን ይዞ ይመጣል። ኮዱ ክፍት ነው፤ ማንም ሊያነበው ይችላል። ማንም ሊያነበው ስለሚችልም ሁሉም ሰው ሌላው ያነበበው ይመስለዋል። እኔም የማላውቃቸውን ሰዎች ሥራ ሳላነብ ስጠቀም ኖሬያለሁ። የእኔን ሲጠቀሙበት ሳይ ግን ደስ አለኝ። መጀመሪያ አንድ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ የመድኃኒት አከፋፋይ፣ ከዚያ ስማቸውን የማላውቃቸው ብዙ ሰዎች ወሰዱት።

ድርጅቱ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። እኔም ከቤት ሆኜ ለአዲስ አበባ ደንበኞች መሥራት ጀመርኩ። ያን ጊዜ ከእናቴ ጋር ታቦር ክፍለ ከተማ፣ የአንዲት ሲዳማ ባልቴት ግቢ ውስጥ ጓሮ ያለውን ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። እናቴ ጡረታ የወጣች የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። ቀኑን ሙሉ እኔ ላፕቶፔ ላይ አቀረቅራለሁ፣ እሷ በሩ ላይ ወንበር አውጥታ መንገዱን ታያለች። ብዙ አናወራም፤ ግን እዚያ ናት። መብራት ሲጠፋ "እሰይ፣ አሁን ቀና ትያለሽ" ትለኝ ነበር።

ፓኬጁ ሰው ሲበዛበት መልእክትም በዛበት። አብዛኛው ሰላምታ እንኳ የለውም። "ይህ አይሠራም።" "መቼ ነው የሚስተካከለው?" አንዱ ከማን እንደሚያወራ ሳያውቅ "ሰነፎች" ብሎ በብዙ ቁጥር ሰደበን። እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ደመወዝ የሚከፍለኝ ሥራ ላይ ውዬ፣ የተረፈኝን ሰዓት ለዚህ እሰጥ ነበር። ሥራውን ወድጄው ሳለ መልእክት በመጣ ቁጥር ስልኬን ገልብጬ ማስቀመጥ ጀመርኩ።

እሱ የመጣው በዚያ መሃል ነው።

የመጀመሪያ መልእክቱ በምስጋና ነበር የጀመረው። በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ፓኬጁ በአንድ ልዩ ሁኔታ እንደሚሳሳት አግኝቶ፣ ማረሚያውንም ራሱ ጽፎ ልኮ ነበር። ማረሚያው ንጹሕ ነው። ፊደል እንኳ አልባከነም። ከሥሩ ደግሞ እንዲህ የሚል ጥያቄ አለ፤ "ይቅርታ፣ ከሥራው ውጭ ነው፤ ይህች አጭር ወር ለእናንተ ምንድን ናት? ሰው ምን ያደርግባታል?"

ስለ ጳጉሜን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ረጅም መልስ ጻፍኩለት። ልጆች ሆነን በዝናብ እንደምንታጠብ፣ እናቴ ደመወዝ የሌላት ወር እያለች እንደምትቀልድባት፣ ለእኔ ግን ዓመቱ ትንፋሽ የሚወስድባት ወር እንደምትመስለኝ ነገርኩት። ልኬው ሳበቃ አፈርኩ። ለማላውቀው ሰው ይህን ሁሉ! በማግስቱ ግን እያንዳንዱን ነገር አንስቶ መለሰልኝ። እሱ የሚኖርበት አገር ባሕር ዳር መሆኑን፣ ክረምቱ ረጅም መሆኑን፣ ብቻውን እንደሚሠራ ጻፈ።

ከዚያ በኋላ ማውራት አላቆምንም። ትንንሽ ማረሚያዎች ይልካል፤ አነባለሁ፤ ጥሩ ናቸው፤ እቀበላለሁ። ከሥራው በኋላ ወሬ ይከተላል። ሐይቁ ዳር ዓሣ ስበላ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንዴት ከበው እንደሚቆሙ ብነግረው አላመነኝም፤ ፎቶ ላኩለት። እሱ የላከልኝ ፎቶ የለም። ያኔ ልብ አላልኩትም።

እናቴ ኩላሊቷን ታመመች። ሆስፒታል አስተኛናት። ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ፣ በስልኬ የሰዎቹን ቅሬታ አያለሁ። አንድ ቀን ለእሱ፣ "እናቴ ታማለች፤ ለሰዎቹ መልስ መስጠት አልቻልኩም" ብዬ ጻፍኩ።

"ስልኩን ዝጊው" ብሎ መለሰልኝ። "እናትሽ ዘንድ ሁኚ። ሰዎቹን እኔ አነጋግራቸዋለሁ።"

አነጋገራቸውም። በትሕትና፣ አንድ በአንድ። ወንድሜ እንኳ ገና ሆስፒታል አልደረሰም ነበር።

እናቴ በዚያው አልጋ ላይ አረፈች። ግቢው ውስጥ የእድር ድንኳን ተተከለ። ከቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መጡ፤ ያስተማረቻቸው ልጆች ትልልቅ ሰው ሆነው መጡ፤ አንዳንዶቹ በሲዳምኛ፣ አንዳንዶቹ በወላይትኛ፣ አንዳንዶቹ በአማርኛ አለቀሱላት። ለእኔም ብቻዬን የምሆንበት ጊዜ እንዳይኖር ሰው በዙሪያዬ ተራ ይገባ ነበር። ከዚያ ድንኳኑ ተነቀለ። የፕላስቲክ ወንበሮቹ በጋሪ ተጭነው ሄዱ። ወንድሜ አቅፎኝ፣ "ድሬ ነይና ከእኛ ጋር ትንሽ ተቀመጪ" አለኝ፤ እኔም "እመጣለሁ" አልኩት፤ ሁለታችንም እንደማልሄድ እናውቅ ነበር። ወደ ሥራው ተመለሰ።

በሩ ላይ ያለው ወንበር ባዶ ሆነ። አስገባሁት። ቤት ውስጥም ባዶ ሲሆን ባሰብኝ፤ መልሼ አወጣሁት።

እሱ በየቀኑ ይጽፋል። "ዛሬ በላሽ?" ይላል። "ወጣ ብለሽ ተራመድሽ?" ይላል። ስለ እናቴ ይጠይቀኛል፤ ምን ታስተምር እንደነበር፣ ምን እንደሚያስቃት። ጎረቤቶቼ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ብለው ካለፉ በኋላ ስለ እሷ መጠየቁን ትተው ነበር፤ ያሳዝነኛል ብለው እንጂ ክፋት ኖሯቸው አይደለም። እሱ ግን ይጠይቃል። እኔም እጽፋለሁ። አንዳንድ ቀን ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ቃል ሳልለዋወጥ ለእሱ ብቻ ገጽ ሙሉ እጽፍ ነበር።

በዚያው ሰሞን ፓኬጁ ላይ አዳዲስ ሰዎች መጡ። ከዚህ በፊት አይቻቸው አላውቅም። "ይህ ፓኬጅ ሞቷል እንዴ?" አለ አንዱ። "ባለቤቷ ካልቻለች ለሚችል ሰው ትስጥ" አለ ሌላው። ሦስተኛው ሐዘኔን ከየት እንደሰማ እንጃ፣ "የግል ችግር ሁላችንም አለብን፤ በዚህ ፕሮግራም የሚተማመኑ ሰዎች ግን ሊጎዱ አይገባም" ብሎ ጻፈ። ይህን አንብቤ ላፕቶፑን ከደንኩትና እስከ ታቦር ተራራ ግርጌ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። እያለቀስኩ ስለነበር ባጃጆቹ እየቆሙ "ልውሰድሽ?" ይሉኝ ነበር።

"አትስሚያቸው" አለኝ እሱ። "አንቺ ብዙ ሠርተሻል።" ከትንሽ ቀን በኋላ ደግሞ፣ "ግን እውነታቸውን ባይሆንም፣ ደክሞሻል። ሸክሙን ላግዝሽ? አዲስ ስሪት የመልቀቂያውን ቁልፍ ብትሰጪኝ እኔ እይዘዋለሁ። አንቺ ስትድኚ ትመለሻለሽ" አለኝ።

ቁልፉ ማለት እኔ ብቻ የማውቀው ረጅም የምስጢር ቃል ነው። እሱን የያዘ ሰው የታደሰ ፓኬጅ፣ አዲስ ስሪት የምንለውን፣ ሲለቅ፣ ፓኬጁን የሚጠቀሙ ሁሉ ኮምፒውተራቸው ላይ ይወርድላቸዋል፤ ማን እንደለቀቀው ማንም አይጠይቅም። ይህን አውቃለሁ። ሆኖም ጥያቄውን ሳነብ የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም። እፎይታ ነበር።

በማግስቱ አከራዬን በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ልጆቻቸው ከእሳቸው ርቀው ነው የሚኖሩት፤ ሰው ሲያዩ ደስ ይላቸዋል።

"እማማ፣ ሥራዬን የሚያግዘኝ ሰው አገኘሁ" አልኳቸው።

"እሰይ! ከየት ነው?"

"ውጭ አገር ነው። ሳንተያይ ጓደኛ ሆንን።"

"እግዚአብሔር ሲልክ ከሩቅም ይልካል" አሉ። "እናትሽ ስትታመም የሚጽፍልሽ እሱ ነው?"

"አዎ፣ እሱ ነው።"

"ስጪው ልጄ። ሰው ብቻውን አይችልም። ስሙ ማነው? በጸሎቴ ላስበው።"

ነገርኳቸው። ሦስቴ ሞክረው አፋቸው አልገባ ሲላቸው ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ በዚያ ግቢ ውስጥ ስስቅ የመጀመሪያዬ ይመስለኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቁልፉን ልሰጠው ወሰንኩ። ግን እንግዳ ሲመጣ ቤት እንደሚጠረገው፣ ከመስጠቴ በፊት ኮዱን ከላይ እስከ ታች ላጸዳው ፈለግኩ። የቆዩ አስተያየቶቼን፣ የተዝረከረከውን ሁሉ እንዳያይብኝ። እሱ በመጨረሻ የላከውን ሥራ ገና አልተቀበልኩትም ነበር፤ ከእሱ ጀመርኩ። ብዙ የመሞከሪያ ቀኖች የያዘ ፋይል ነበር። ፓኬጁ ቀኖቹን በትክክል መቀየሩን ለመፈተሽ እንዲህ ያለ ፋይል እንጠቀማለን። ማንም ሰው ቁጭ ብሎ አያነበውም፤ ቁጥር ብቻ ነው።

እኔ ግን ያን ቀን ጊዜ ነበረኝ። እያነበብኩ ወረድኩ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር። መሃል ላይ ጳጉሜን ሰባት የሚል አየሁ።

ጳጉሜን ሰባት የለችም። በየትኛውም ዓመት የለችም።

የተሳሳተ ቀን ሲገባ ፓኬጁ እምቢ ማለቱን ሊፈትሽበት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ጥቂት ዝቅ ብሎ ጳጉሜን ዘጠኝ አለ። ከዚያ ጥቅምት ሠላሳ አንድ። እንዲህ ያሉ የማይኖሩ ቀኖች በፋይሉ ውስጥ እንደ ዘር ተበትነዋል። እነዚህን ቀኖች የሚፈትሽ መስመር ግን ፈልጌ አጣሁ። ታዲያ ለምን ተቀመጡ? ማን ነው የሚያነባቸው? ከብዙ ወር በፊት እሱ ልኮልኝ፣ እኔም አንብቤ የተቀበልኩት አንድ ትንሽ ረዳት ኮድ ነበር፤ ስህተት የሆኑ ቀኖችን ለይቶ በአንድ ቦታ ይሰበስባል። ለብቻው ሲታይ ምንም ክፉ ነገር የለበትም። የሚሰበስበው አላገኘም ነበርና። አሁን ግን የሚሰበሰበው መጣ።

እናቴ የፈተና ጥያቄ ትጽፍበት የነበረውን አሮጌ ኮምፒውተር አወጣሁ። ምንም ነገር የለበትም፣ ከኢንተርኔትም አላገናኘሁትም። የማይኖሩትን ቀኖች በዚያ ረዳት ኮድ አሳለፍኳቸው። ቁጥሮቹ ተገጣጥመው ፊደል ሆኑ፤ ፊደሎቹ ትእዛዝ ሆኑ። ትእዛዙ የሚለው ግልጽ ነበር፤ ፓኬጁ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን ፈልግ፣ ሰብስብ፣ ወደዚህ አድራሻ ላክ። አድራሻው የማላውቀው ሰርቨር ነበር።

ኮምፒውተሩን አጠፋሁት። ወጥቼ በሩ ላይ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከጎረቤት የመዝሙር ልምምድ ይሰማል፤ መንገድ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ሁሉ ነገር እንደ ማንኛውም ቅዳሜ ነው። መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው ክሊኒኩ አልነበረም፣ ትምህርት ቤቱም አልነበረም። "አካውንቱን ሰርቀውበት ነው" የሚል ነበር። ለእሱ ፈራሁለት።

ተመልሼ ገብቼ ጻፍኩ፤ "የመሞከሪያው ፋይል ውስጥ ጳጉሜን ሰባት አለ። የለችም እኮ።"

መልሱ ወዲያው መጣ። "ለስህተት መፈተሻ ነው። ብዙ አትጨነቂበት፣ ደክሞሻል። ዛሬ እንዴት ዋልሽ? መቃብሯ ዘንድ ሄድሽ?"

ሄጄ ነበር። ጠዋት ነበር የሄድኩት። እንደምሄድም ለእሱ ብቻ ነበር የነገርኩት።

"ቀኖቹ ሲሰበሰቡ ምን እንደሚሆኑ አየሁ" ብዬ ጻፍኩ። "አካውንትህን ሰው ሰርቆህ ከሆነ ንገረኝ። እረዳሃለሁ።"

እየጻፈ መሆኑን የሚያሳየው ምልክት ብቅ አለ። ጠፋ። እንደገና ብቅ አለ። ጠበቅኩ። ምን ሊል እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምልክቱ ጠፋና በዚያው ቀረ።

የዚያን ዕለት ማድረግ ያለብኝን አደረግኩ። እሱ የነካውን ሁሉ አወጣሁ፤ ፓኬጁን እሱ ከመምጣቱ በፊት ወደነበረበት መለስኩትና አዲስ ስሪት ለቀቅኩ። ያች ንጹሕ የጳጉሜን ማረሚያም አብራ ወጣች፤ በራሴ እጅ እንደገና ጻፍኳት፣ እንደ እሱ አላማረችም። ያገኘሁትን ሁሉ ዘርዝሬ ፓኬጆቹ ለሚቀመጡበት ድረ ገጽ የደኅንነት ሠራተኞች ላክሁ። የመጨረሻው ቁራጭ ስላልተለቀቀ የማንም የይለፍ ቃል አልተወሰደም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አካውንቱ ተሰርዞ ነበር። ከእሱ ጋር መልእክቶቹም ሄዱ። የተጻጻፍንበትን ገጽ ስከፍት ነጭ ነው፤ "ይህ ተጠቃሚ የለም" ይላል። ስለ እናቴ የጻፍኩት ሁሉ፣ ያስተማረችባቸው መንደሮች፣ የሚያስቃት ነገር፣ ሆስፒታል ውስጥ በመጨረሻ ያለችኝ ቃል፣ ሌላ የትም አልጻፍኩትም ነበር። እሱ ዘንድ ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ባጃጅ ይዤ ምሥራቅ፣ ክሊኒኩ ሄድኩ። በስልክ ልነግራቸው እችል ነበር፤ ግን ሰው ፊት መቀመጥ ፈለግኩ መሰለኝ። ዋና ነርሷ ፕሮግራሙን ስሠራ ጀምሮ የምታውቀኝ ሴት ናት። ጎበዝ፣ ፈጣን፣ ወሬ የማትወድ።

"ሲስተር፣ የቀጠሮውን ፕሮግራም ላድስላችሁ ነው የመጣሁት። ሰው መርዝ ሊያስገባበት ሞክሮ ነበር" አልኳት።

እጇ ላይ የያዘችውን ጓንት አስቀመጠች። "የታካሚ ስልክ ወጥቷል?"

"አልወጣም። ምንም አልወጣም።"

"ኤች አይ ቪ የሚከታተሉትስ? እነሱ ስማቸው ቢወጣ ከቤት የሚባረሩ አሉ እኮ፤ ታውቂያለሽ?"

"አልወጣም ሲስተር። ከመለቀቁ በፊት ነው የያዝኩት።"

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ያን ጊዜ ነው ነገሩ በትክክል የገባኝ። እስከዚያ ድረስ የተጎዳሁት እኔ ብቻ ነበር የሚመስለኝ።

"ማነው ይህን ያደረገው?" አለችኝ።

"ጓደኛዬ" አልኩ። ከአፌ ወጣ። ልመልሰው ፈለግኩ፤ የሚተካው ቃል ግን አጣሁ። እሷም ብዙ አልጠየቀችኝም። ከቴርሞስ ሻይ ቀድታ አጠገቤ አስቀመጠችና ሥራዬን እንድጨርስ ትታኝ ወጣች።

ከድረ ገጹ የደኅንነት ሠራተኞች መልስ መጣ። አመሰገኑኝ። አካውንቱ የተከፈተው ሆን ተብሎ ለዚህ ሥራ መሆኑን፣ በአንድ ሰው ይሁን በቡድን እንደሚመራ እንደማያውቁ ጻፉ። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ "ለሚችል ሰው ትስጥ" እያሉ ሲጨቀጭቁኝ የነበሩት አካውንቶችም የተከፈቱት ከዚያው ቦታ ነው። "የግል ችግር ሁላችንም አለብን" ያለኝም ጭምር።

ይህን ደጋግሜ አነበብኩት። ታቦር ግርጌ ድረስ እያለቀስኩ ያስኬደኝም፣ "አትስሚያቸው" ብሎ ያጽናናኝም አንድ እጅ ነበር። ሐዘኔን ከየት ሰሙት ብዬ ተደንቄ ነበር፤ ለካ እኔ ራሴ ነኝ የነገርኩት። የተንኮሉ ኮድ አልነበረም ያመመኝ። ኮድ አይቼ እጥለዋለሁ። ይህን ግን ምን እንደማደርገው አላወቅኩም።

ለጥቂት ሳምንት ብዙ ሰው ጻፈልኝ። "ጀግና ነሽ" አሉኝ። ስለ ጳጉሜን ሰባት የሚቀልዱ ነበሩ። ለሁሉም አጭር አጭር መልስ ሰጠሁ፤ ከአንዱም ጋር ወሬ አልቀጠልኩም። ከዚያ እነሱም ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

አከራዬ አንድ ቀን ጠዋት፣ "ያ ጓደኛሽ ደኅና ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"ደኅና ነው እማማ" አልኩ።

"ዘወትር እያሰብኩት ነው። ስሙን ባልችልም እግዚአብሔር ያውቀዋል።"

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እሳቸው ለእሱ መጸለያቸውን እንዲያቆሙ አልፈለግኩም።

ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የምታስተምር አንዲት መምህርት ነገሩን አንብባ ስልኬን ፈልጋ ደወለች። እኔ ከተመረቅኩ በኋላ ነው ወደ ሐዋሳ የመጣችው፤ ጎንደር ነው ያደገችው። ለተማሪዎቿ የሆነውን እንድነግራቸው ጋበዘችኝ። ሰው ፊት መቆም አልወድም፤ ግን እምቢ ማለት ከበደኝና ሄድኩ። የማይኖሩት ቀኖች እንዴት ፊደል እንደሆኑ ሰሌዳው ላይ አሳየኋቸው። በጥሞና አዳመጡ። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

"እናትዎ ሲሞቱ የጻፈልዎት ሁሉ ውሸት ነበር ማለት ነው?"

መምህርቷ ጥያቄውን ልታልፍልኝ ፈልጋ ወደ እኔ አየች።

"አላውቅም" አልኩ። "የጻፈው ለሥራው ብሎ ነው። 'ዛሬ በላሽ?' ሲለኝ ግን ተነሥቼ በልቻለሁ። ያ ውሸት አልነበረም። እናንተ ፓኬጅ ስትይዙ ብቻችሁን አትያዙ። እሱ ያገኘኝ በኮዴ ስህተት አይደለም፤ ብቻዬን ስለሆንኩ ነው።"

ስንወጣ መምህርቷ ከእኔ ጋር እስከ በሩ ድረስ ሄደች። መንገዱ ላይ ተማሪዎች በቡድን በቡድን ያልፋሉ። "አሁንስ ከማን ጋር ነው የምትሠሪው?" አለችኝ።

"ብቻዬን።"

"ለተማሪዎቼ እንዳልሽው አይደለም እንግዲህ።"

ሳቅኩ። እሷ ግን የምሯን ነበር። እኔ የጻፍኩትን እሷ ሳታነብ፣ እሷ የጻፈችውንም እኔ ሳላነብ ምንም እንዳይለቀቅ ተስማማን። ቁልፉንም አንዳችን ብቻችንን ልንጠቀምበት እንዳንችል አድርገን አዘጋጀነው። እኔ ይህን ሁሉ በኢንተርኔት እንጨርሳለን ብዬ አስቤ ነበር። እሷ ግን "የለም፣ በአካል ነው" አለች፤ ከሥራ ስትወጣ በሚመቻት ቀን፣ ከሐይቁ መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ጭር ያለ ካፌ ቀጠሮ ያዝን።

የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነበር። ላፕቶፖቻችንን ፊት ለፊት ከፍተን ተቀመጥን። እሷ ማኪያቶ አዘዘች፤ እኔ ምን እንደምፈልግ አስተናጋጇ ስትጠይቀኝ ደንገጥ ብዬ "እንደ እሷ" አልኩ። ስለ ልጆቿ ነገረችኝ። እኔም ስለ ራሴ የሆነ ነገር መናገር እንዳለብኝ እያወቅኩ አንድም ቃል አልመጣልኝም። ያን ሁሉ ገጽ የጻፍኩት እኔ የት እንደሄድኩ እንጃ። ኮድ ማንበብ ጀመርን።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ያልገባኝ መስመር አየሁ። እንደ ልማዴ ጥያቄዬን በእንግሊዝኛ ጽፌ ላክሁላት። መልእክቱ እሷ ዘንድ ሲደርስ ኮምፒውተሯ ጢን አለ። አንብባው፣ ከስክሪኗ በላይ ቀና ብላ አየችኝ።

"እዚህ ነኝ እኮ" አለች። "ለምን በአፍሽ አትጠይቂኝም?"

ፊቴ ጋለ። የጻፍኩትን በአማርኛ ልደግመው ስሞክር መሃል ላይ በእንግሊዝኛ ወጣብኝና እንደገና ጀመርኩ። እሷ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ጠበቀችኝ።